ወሎ ሦስት ዩኒቨርሲቲ አለው፤ የገጠሩ ልጅ ግን በየት በኩል ይግባ?

ላኮመልዛ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት። እንደምን ሰነበታችሁ? ደቡብ ወሎ ውስጥ በአንዲት የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የ2017 የ12ኛ ክፍል ውጤት ከወጣ ወዲህ ሲከነክነኝ የቆየ ነገር አለ። ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

እኛ አገር ከፍተኛ ትምህርትን ማስፋፋት ማለት ዩኒቨርሲቲ መገንባት ማለት ሆኖ ኖሯል። ታሪኩን የምታውቁት ነው። ደርግ ሲወድቅ አገሪቱ የነበራት፣ አሥመራን ሳንጨምር፣ ሁለት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አዲስ አበባና ዓለማያ። በ1990ዎቹ እነ ባሕር ዳር፣ ጅማና መቀሌ ተጨመሩ። ቀጥሎ በመጣው ዙር ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተከፈተ። ከዚያ ወልድያ። በመጨረሻም መቅደላ አምባ፣ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው።

ይህን አላቃልልም። ወላጆቼ በነበሩበት ዘመን ከወሎው ቦረና ወይ ከደላንታ ወረዳ ተነስቶ ጊቢ የሚገባ ልጅ ስሙ በወረዳው ሁሉ ይወራ ነበር። ዛሬ የገበሬው ልጅ ከቤቱ ሳይርቅ ዶክተር የሚሆንበት ቦታ አለ። ትልቅ ነገር ነው።

ግን እስቲ ማን እየገባ እንዳለ እንይ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ የ2014 ተፈታኞች ማለቴ ነው፣ ከ896,520 ተማሪ ለማለፍ የሚጠየቀውን 50 በመቶና በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ ነው። 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። እየተሻሻለ ነው፣ እሰየው። ሆኖም ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ከበር ይመለሳል።

እኔ 50 በመቶው ይነሳ አልልም። ከዚያ በፊት የነበረውን ኩረጃ በዓይኔ አይቻለሁ። የፈተና መልስ በስልክ ሲዘዋወር የለፋው ልጅ ነበር የሚበደለው። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ነው። ላይኛውን ሠራን፣ ታችኛውን ረሳን።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ መጽሐፉ እኛ ጋ የደረሰው በሶፍት ኮፒ ነው። ክፍሌ ውስጥ ስማርት ስልክ ያላቸው ልጆች ጥቂት ናቸው። አንዱ ስልኩን ያመጣል። አራት አምስት ሆነው ይከቡታል። አንደኛው ገጹን በጣቱ እየገፋ ሌሎቹ ወደ ደብተራቸው ይገለብጣሉ። የኬሚስትሪ ሠንጠረዥ ደግሞ ከስክሪኑ ይሰፋል። ግራውን ጽፈው ቀኙን ሲያዩ ግራው ይጠፋባቸዋል። ብዙዎቹ ግማሹን ጽፈው ይተዉታል። ባትሪው ካለቀ ጥናቱም አለቀ። ከዚያ እነዚህ ልጆች አዲስ አበባ ከሚገኝ የግል ትምህርት ቤት ከመጣ ልጅ ጋር አንድ ወረቀት ይቀርብላቸዋል።

ላይ ደግሞ ጦርነቱን ጨምሩበት። በ2014 ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ትምህርት ቤቶቻችንም ተዘርፈዋል። ከዚያ ወዲህም በክልሉ ባለው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ ተዘግቷል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። መንግሥት የከፍተኛ ትምህርት ዕድልን አሰፋለሁ ካለ፣ ቀጣዩ ብር ወዴት ይሂድ? እኔ ወደ ገጠር ሁለተኛ ደረጃ ይሂድ ባይ ነኝ። እናንተስ?


ጦሳ ሥር

ወንድሜ ላኮመልዛ፣ ጥሩ ክር ነው የከፈትከው። እኔ በሌላኛው ጫፍ ነው ያለሁት። ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። የትኛው እንደሆነ ይቅር።

በመጀመሪያ 50 በመቶው አይነካ በሚለው እስማማለሁ፤ እንዲያውም ከአንተ በላይ አጥብቄ። ቀድሞ በየዓመቱ ከመቶ ሺ በላይ ተማሪ ሲገባ እኛ ክፍል የሚመጣው ልጅ አንድ አንቀጽ በእንግሊዝኛ መጻፍ ያቅተው ነበር። የፍሬሽማን ተማሪ ላብ ሪፖርት ጻፍ ስትለው የጓደኛውን ቃል በቃል ገልብጦ ያመጣል። ሰነፍ ስለሆነ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ላብ ገብቶ ስለማያውቅ ነው። ያንን ልጅ አራት ዓመት አስተምረህ፣ ካፌ አብልተህ፣ ዲግሪ ሰጥተህ ትልከዋለህ። የመውጫ ፈተና በ2015 ሲጀመር ምን ሆነ? በመጀመሪያው ዙር ካለፈው የወደቀው በለጠ። ዕድል መስጠት ማለት ያ ከሆነ ልጁን ማታለል ነው። ዓመታቱን አጥቶ የኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ዕዳ ብቻ ይዞ መመለስ።

ሁለተኛ፣ አሁን ያለንበትን ሁኔታ ሰው አያውቅም። ከጦርነቱ በኋላ ላቦራቶሪ ከባዶ ነው የጀመርነው። አልጋ፣ ኮምፒውተር፣ ማይክሮስኮፕ፣ ሁሉ ሄዷል። ቀስ በቀስ ተተካ። አሁን ደግሞ ተማሪው ቀነሰ። ዲፓርትመንታችን ውስጥ አንድ ባች ክፍሉን አይሞላም። ዶርም ባዶውን ያለ ሕንፃ አለ። መምህሩ አለ፣ ሕንፃው አለ፣ ተማሪው ከታች አልመጣም። አንተ ቅደም ተከተል ያልከው ይኸው ነው መሰለኝ።

የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። ብሩ ከዩኒቨርሲቲ ተነስቶ ወደ ታች ይሂድ ከሆነ የምትለው፣ እኛም ጋ ገና ያላለቀ ብዙ ነገር አለ። የአዳዲሶቹን ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍት ገብተህ እየው።


የደላንታ ልጅ

ሰላም። እኔ በሪሜዲያል ነው የገባሁት። አሁን ሁለተኛ ዓመት ነኝ።

ቲቸር ላኮመልዛ የጻፉት ስለ ስልኩ፣ ቃል በቃል የእኛ ክፍል ነው። እኛ ጋ ስልክ የነበረው ልጅ የሱቅ ልጅ ነበር። ማታ ማታ እሱ ቤት ሄደን ነበር የምናጠና።

50 ስላላመጣሁ ወድቄ ነበር። የጎደለኝ ጥቂት ነው። ሪሜዲያል ባይኖር ኖሮ አሁን ወይ ቀን ሥራ ነበርኩ ወይ በባሕር ሄጃለሁ። እውነቴን ነው። ከእኛ ሰፈር እኩዮቼ የሄዱት ብዙ ናቸው።

ሪሜዲያል ምን እንደሆነ ለማያውቁ ልንገራቸው። ጊቢ ገብተህ ለጥቂት ወራት የ11ኛና የ12ኛን ትምህርት እንደገና ትማራለህ። ዩኒቨርሲቲው የሚይዘው ማርክ አለ፣ ከማዕከል የሚመጣ ፈተናም አለ። ሁለቱ ተደምሮ ካለፍክ ፍሬሽማን ትሆናለህ። በእነዚያ ወራት የተማርኩት ፊዚክስ ከ9ኛ ጀምሮ ከተማርኩት ይበልጣል። መምህሩ ክፍል ይገባል፣ መጽሐፍ አለ፣ መብራት አለ፣ ሦስት ጊዜ ትበላለህ። ሌላ ተአምር የለውም። ያው እኔ ነኝ፣ ያው ጭንቅላት ነው። ስለዚህ "ያልገባቸው ልጆች" ሲባል ያመኛል።

አሁን ደግሞ ፈተናው በኮምፒውተር መሆን ጀምሯል። ታናሽ ወንድሜ ማውስ ይዞ አያውቅም። ፈተናውን ቢያውቀው እንኳ እጁ ይንቀጠቀጣል። ይሄንንስ ማን ያስተምረዋል?


የመርሳ እናት

አብሽር ልጄ፣ አላህ ይርዳህ። ወንድምህንም ይርዳልን።

መምህራን ስለ መጽሐፍና ስለ ላብ ጻፋችሁ፣ ደግ ነው። እኔ የምጽፈው ስለ ሴት ልጅ ነው። ማንም አላነሳትም።

ልጆቼን ያሳደግሁት ገጠር ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ የሚገኘው ከተማ ነው። ስለዚህ 9ኛ ሲደርሱ ቤት ተከራይተው ይቀመጣሉ። ከሌላ ቀበሌ ልጆች ጋር አራት ሆነው አንድ ክፍል። እሁድ ከሰዓት ስንቃቸውን ተሸክመው ይወጣሉ። እንጀራው እስከ ረቡዕ ይደርሳል። ከዚያ ድርቆሽ ነው፣ በሶ ነው፣ ቆሎ ነው። አከራይዋ ቆጣሪ እንዳይቆጥርባት ማታ 3 ሰዓት መብራቱን ታጠፋለች። መጸዳጃ ቤቱ ከግቢው ዳር ስለሆነ ጨለማ ከሆነ በኋላ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚወጡት። አንዷ በር ላይ ትቆማለች። ትልቋ ልጄ ማታ ውሃ መጠጣት ትታ ነበር።

እንዲህ ኖራ ነው 12ኛ የምትፈተነው። ከተማ ውስጥ እናቷ ምሳዋን እያቀረበችላት ያጠናች ልጅም ያንኑ ፈተና ነው የምትፈተነው።

ካላለፈች ደግሞ ደላላው ሩቅ አይደለም። ሳውዲ፣ ቤሩት፣ ፓስፖርት እኔ አስጨርሳለሁ ይላታል። ወይ ዘመድ ይሰበሰብና ትዳር ይባላል። አባትየው ምን ይላል? "አራት ዓመት ኪራይ ከፍዬ ምን አመጣች?" ይላል። ቀጥሎ ያለችውን ታናሿን ከ8ኛ ያስቀራታል። አንዲቷ ስትወድቅ የምትቀረው እሷ ብቻ አይደለችም።

ለዚህ ዩኒቨርሲቲ መጨመር ምን ያደርግልኛል? እኔ መንግሥትን የምለምነው በየሁለተኛ ደረጃው አጠገብ የሴቶች ማደሪያ እንዲሠራልን ነው። አጥር ያለው፣ መብራት ያለው፣ መጸዳጃው ውስጥ የሆነ። እኛ እህሉን እናዋጣለን።


ላኮመልዛ

እናቴ፣ ይህን ሳነብ ተነስቼ ቆምኩ። እኔ ክፍል የሚቀመጡት እነዚሁ ሴቶች ናቸው። ሐሙስና ዓርብ ለምን እንደሚያንቀላፉ አሁን ገባኝ፤ ያልገባው አስተማሪ ካለ ይህን ያንብብ። ስለ ማደሪያው ያሉት ከእኔ ላብና መጽሐፍ መቅደም አለበት። ትንሽ ብር ነው የሚፈልገው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ የሚወጣበት ገንዘብ ስንት ወረዳ ማደሪያ ይሠራል?


ቦርከና

ሰላም ጓዶች። ኮምቦልቻ ነኝ፣ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አሠልጣኝ ነኝ። ጠንከር ያለ ነገር ልናገር ነው፣ አትቀየሙኝ።

ሁላችሁም የምታወሩት ጊቢ መግባትን ብቻ ነው። ጊቢ ያልገባ ልጅ እንደሞተ ነው የምትቆጥሩት። ሰባ ሠላሳ በሚባለው ፖሊሲ ከመቶው ሰባ ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲጎርፍ ያየን ሰዎች ነን። የሲቪል ምህንድስና ዲግሪ ይዞ ደሴ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አውቃለሁ። ባጃጅ መንዳት ነውር ኖሮበት አይደለም። አምስት ዓመት ሙሉ የተማረውን የሚሠራበት አጥቶ ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ ማሽን ጥገና የጨረሱትን ፋብሪካዎች ይፈልጓቸዋል። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ብረታ ብረቱ አለ። የመጣልኝ ልጅ ግን ሁልጊዜ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚመጣው። "ወድቄ ነው" ይላል። ገና ምንም ሳይጀምር ወድቄ ነው ይላል! ይህን ያስተማርነው እኛ ነን። ማስፋፋት ከሆነ የሙያው መንገድ እስከ ዲግሪ ድረስ ክፍት ይሁን። ሌቭል 4 (የሙያ ሥልጠና አራተኛ ደረጃ) ጨርሶ ሠርቶ ያየ ልጅ በሙያው ቀጥሎ የሚማርበት በር ይስፋለት። ያኔ ማንም አንገቱን አይደፋም።


የደላንታ ልጅ

ጋሼ ቦርከና፣ ሙያ መናቅ አይደለም። እኛ ወረዳ ያለው ኮሌጅ ውስጥ የብየዳ ማሽኑ አይሠራም ነበር። ትምህርቱ በቾክ ነው። እርስዎ ጋ ኮምቦልቻ ስለሆነ ነው። ሌቭል ፈተና ለመፈተን ራሱ ወደ ሌላ ከተማ ይኬዳል፣ ትራንስፖርቱን ቤተሰብ ነው የሚችለው።


ቦርከና

ልክ ነህ። ይህን አልክድም። የወረዳ ኮሌጆች ዕቃ የላቸውም። ያው የመምህር ላኮመልዛ ነገር እኛም ጋ አለ ማለት ነው፤ ስሙ ወረዳው ድረስ ደርሷል፣ ዕቃው አልደረሰም።


ሸገር ያለሁ ወሎዬ

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንድ ጉዳይ ጨምሩበት፤ ክፍያ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ራስ ገዝ ሆኗል። የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል፣ ከፍሎ የሚማርም ይቀበላል። ሌሎቹ አንጋፋዎችም በተራ ይከተላሉ ነው የሚባለው። ራስ ገዝ መሆኑን አልቃወምም። ዩኒቨርሲቲ በራሱ ቢተዳደር፣ መምህሩን ራሱ ቢመርጥ ጥሩ ነው። የሚያስፈራኝ የወሎ ገበሬ ልጅ ነው። እስከ አሁን ድሃው የሚማረው በወጪ መጋራት ነው። የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶ፣ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ፈርሞ ይገባል፤ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጣል። እጁ ላይ ብር ሳይኖር መግባት ይችላል። ይህ ነገር ነው እነ ደላንታን ያስገባው። ቀድመህ ክፈል ከተባለ ግን በሬ ተሽጦም አይሞላ።

ስለዚህ ራስ ገዝ ሲባል ለድሃው የተለየ ቦታና የወጪ መጋራቱ በሕግ ተጽፎ ይቀመጥ። በቃል አይሁን። እኔ የምፈራው ጥሩ ጥሩው ዩኒቨርሲቲ ለከፋይ፣ የቀረው ለድሃ እንዳይሆን ነው።


ጦሳ ሥር

ሸገር ያለኸው፣ ጥሩ አነሳኸው። ስለ ምግቡ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ለብዙ ዓመት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው 15 ብር ነበር፣ ቀጥሎ 22 ሆነ። በ22 ብር ሦስት ጊዜ! ሽንኩርቱ ብቻ ስንት ገብቶ ነበር። በ2017 100 ብር ሆኗል። ይህ ለደሃው ተማሪ ከብዙ መመሪያ በላይ ነው። ካፌ የማይበላ ልጅ ላይብረሪ አይቀመጥም። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲወሰን ደግሞ ማመስገን አለብን።


አዲስ ገቢ

ሰላም ወንድሞችና እህቶች። ታናሽ እህቴ 50 አላመጣችም ግን ቀርባለች። ሪሜዲያል መግቢያ ስንት ነው? አንድ ሰው ቴሌግራም ላይ "ብር ላኩ አስገባታለሁ" ብሎኛል።


የደላንታ ልጅ

እንዳትልክ! ሌባ ነው። ሪሜዲያል የሚመደበው በሚኒስቴሩ ነው፣ በሰው አይደለም። መቁረጫውን ራሱ ትምህርት ሚኒስቴር ነው የሚያወጣው፤ ለሴቶች ለብቻው ሊወጣ ይችላል። የሚኒስቴሩን ገጽ ብቻ እየው፣ በመለያ ቁጥሯ ራሷ ትግባና ታረጋግጥ።


ዳውዶ

ሁሉን መንግሥት ላይ መጫን አልወድም። ወሎ ውስጥ ስንት ትምህርት ቤት ሕዝብ አዋጥቶ ነው የሠራው። ደሴ ላይ እነ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ስም ያላቸው ለምንድን ነው? የአገሩ ሰው ትምህርትን ስለሚያከብር ነው። ውጭ አገር ያለው ወሎዬ፣ ነጋዴው፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ማደሪያ መሥራት ያቅተዋል? እድር ያለው ሕዝብ ነን እኮ።


ላኮመልዛ

ዳውዶ፣ የሕዝቡን ነገር አንተ ከምትለው በላይ አየዋለሁ። እኛ ቀበሌ ሁለት መማሪያ ክፍል የተሠራው ገበሬው ድንጋይ ተሸክሞ ነው። ጭቃውን ያቦኩት እናቶች ናቸው። ማደሪያውንም ቆመው ይሠሩታል፣ አልጠራጠርም። ግን ሕዝቡ የማይችለው አለ። የኬሚስትሪ መምህር መቅጠር አይችልም። መምህሩን ወረዳው ላይ የሚያቆይ ደመወዝ መክፈል አይችልም። መጽሐፍ ማሳተም አይችልም። እኛ ጋ በአንድ ሴሚስተር መሀል ሒሳብ መምህሩ ለቆ ሄዶ ልጆቹ እስከ ፈተና ያለ መምህር ቆይተዋል። እድር ይህን አይሞላም። ሕዝቡ ድንጋዩን ያመጣል፣ መንግሥት መምህሩን ያምጣ።

ጦሳ ሥር፣ ብሩ ከእናንተ ይነሳ አላልኩም። ባዶ ዶርም አለን ስትል ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በክረምት ያ ሕንፃ ምን ይሠራል? ከየወረዳው የ11ኛ ክፍል ልጆችን፣ ሴቶቹን በተለይ፣ ለክረምቱ አስገብታችሁ ብታስተምሯቸውስ? ሪሜዲያል ከወደቁ በኋላ ነው የሚመጣው። ደላንታ ጊቢ ውስጥ በጥቂት ወራት ያገኘውን ከፈተናው በፊት ቢያገኘው ኖሮ አይወድቅም ነበር።


ጦሳ ሥር

ይህ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። በክረምት አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከል ውስጥ ተማሪ ይቀበላሉ፣ ግን በአብዛኛው የከተማ ልጆች ናቸው። የቀን ተመላላሽ ስለሆነ። የገጠሩ ልጅ የት ያድራል ሲባል ነው የሚቆመው። ዶርሙ ካለ ግን ጥያቄው የምግብና የጥበቃ በጀት ብቻ ነው። ለማኅበረሰብ አገልግሎት የምንይዘው በጀት አለ። ለኮሌጃችን ዲን ፕሮፖዛል ጽፌ አቀርባለሁ። ተስፋ ልስጣችሁ አልችልም፣ መንገዱም ሰላም መሆን አለበት። ወላጅ ልጁን በዚህ ጊዜ አውቶቡስ ላይ ለመጫን ይፈራል፣ አልፈርድበትም።

እስከዚያው ግን አንድ ነገር አደርጋለሁ። የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎቼ በዕረፍት ወደየወረዳቸው ይመለሳሉ። በፈቃዳቸው የሚያስተምሩ አሉ። አንተ ጋ ክፍል ካለ ልላክ?


የመርሳ እናት

ከምትልኳቸው ውስጥ ሴቶች ይኑሩበት። ልጆቻችን የገበሬ ልጅ ሆና ጊቢ የገባችን ሴት በዓይናቸው ይዩ። አባቶቹም ይዩ።


ላኮመልዛ

ክፍል አለ። መብራት የሚሠራው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ፕሮጀክተር አትያዙ፣ ወረቀት ያዙ። ከሁሉ በላይ የቸገረን ሒሳብና እንግሊዝኛ ነው፤ ኬሚስትሪውን ለእኔ ተዉት። እናታችን እንዳሉት ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ። ማረፊያቸውን ከርዕሰ መምህሩ ጋር እነጋገራለሁ፤ የመምህራን መኖሪያ ውስጥ ባዶ ቤት አለ። ኮምፒውተር ላይ ደላንታ ያለውን አልረሳሁትም። አንድ ሁለት ያረጀ ላፕቶፕ ካለህ ጨምርበት፣ ልጆቹ ማውስ ይዘው ይለማመዱበት።

በውስጥ መስመር ቁጥሬን ልኬልሃለሁ። ቀኑን አንተ ቁረጥ።